መዋለድ ብቻውን ዝርያን አይወስንም

«በቅሎን አባትሽ ማነው ቢሏት እናቴ ፈረስ ናት አለች» ይባላል። ዝርያን ለማስረዳትም ከእሷ የተሻለ መነሻ የለም። ፈረስ 64፣ አህያ 62 ክሮሞዞም አላቸው፤ በቅሎ 63 ይዛ ትወለዳለች። ክሮሞዞሞቹ በትክክል ስለማይጣመሩም ከስንት አንዴ ካልሆነ በቀር መካን ናት። ስለዚህ ፈረስና አህያ የተለያዩ ዝርያዎች ናቸው።

ኤርንስት ማየር እ.ኤ.አ. በ1942 ባስፋፋው ትርጓሜ፣ ዝርያ ማለት በተፈጥሮ እርስ በርስ የሚዋለድና በመራባት ከሌሎች የተለየ የፍጡራን ስብስብ ነው። ብዙዎች ግን «በተፈጥሮ» የሚለውን ጥለው «ከተዋለዱ አንድ ናቸው» ይላሉ። ይህ አባባል ሲነገር ዝም ማለት አልችልም፤ ቀይ ቀበሮን ይጎዳልና።

ቀይ ቀበሮን ባሌ፣ ሳነቲ ላይ ሲያድን አይቼዋለሁ። ሆዱ ሣሩን እስኪነካ አጎንብሶ፣ ቀጭን ረጅም አፉን ወደ ፍልፈሉ ጉድጓድ አነጣጥሮ ቀስ እያለ ይሳባል። ኑሮው በመንጋ ነው፤ ፍልፈል የሚያድነው ግን ለየብቻው ነው። ከኢትዮጵያ ተራሮች ውጪ የትም የለም፤ ጠቅላላ ቁጥሩም ጥቂት መቶ ብቻ ነው።

ሴቷ ብዙ ጊዜ የምትጠቃው ከሌላ መንጋ በመጣ ወንድ ነው። ይህ ልማድ ዘመዳሞች እንዳይዋለዱ ይረዳል፤ ለውሻ ግን በር ይከፍታል። በባሌው ዌብ ሸለቆ አፋቸው አጠር፣ ሰውነታቸው ደንደን ያለ ዲቃሎች ታይተዋል፤ የዘረመል ምርመራም አባታቸው ውሻ መሆኑን አረጋግጧል።

ታዲያ ውሻና ቀይ ቀበሮ አንድ ዝርያ ሆኑ? አልሆኑም። ውሻን ወደዚያ ሸለቆ ያመጣው ሰው ነው፤ መዳቀሉም ጎልቶ የታየው እዚያው አካባቢ ነው። ቀይ ቀበሮ ዘረመሉ፣ የጥርሱ አሰካክ፣ አደኑና የዘር ሐረጉ የራሱ ናቸው። ተመራማሪዎች ዝርያን የሚለዩት እነዚህን ማስረጃዎች አንድ ላይ መዝነው ነው። አልፎ አልፎ የሚሾልክ ዘር የሁለት ዝርያዎችን ድንበር አያፈርሰውም፤ ቁጥሩ ያነሰውን ዝርያ ግን ሊውጠው ይችላል።

ስለዚህ «ያው ውሻ ነው» እያላችሁ አታቃልሉት። እረኛው ውሻ የሚይዘው ከብቱን ከጅብ ሊጠብቅ ነውና አይወቀስም። ያም ሆኖ ውሻውን የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ያስከትበው፤ በሽታው ቀይ ቀበሮን በተደጋጋሚ ፈጅቷል። ለሽርሽር ወደ ተራራው የምትወጡ ግን ውሻችሁን ቤት ትታችሁ ውጡ።