ቍጥርን በጆሮ ስለ መመርመር



አንድ ጸሐፊ ራሱ የጻፈውን ቍጥር ራሱ መልሶ ሲያነብ ስሕተቱን ብዙ ጊዜ አያየውም፤ ዓይን አእምሮ የጠበቀውን ማየት ይቀናዋልና። ዛሬ የምንነጋገረው ጆሮ በዚህ ረገድ ስለሚሰጠን ርዳታ ነው።

ነገሩ እንዲገለጥልን ያቤሎን እናስብ። በቦረና የሰው ዋና ሀብቱ ከብት ነው። ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. ዝናም በተከታታይ 5 ወቅት በመጥፋቱ እጅግ ብዙ ከብት አልቋል። እንዲህ ባለ ጊዜ መኖም ሆነ ክትባት የሚታደለው በመዝገብ ላይ ባለው ቍጥር ነው። እንግዲህ ከአንድ ቀበሌ በወረቀት የመጣ 860 ከብት በኮምፒዩተር ሠንጠረዥ ላይ 680 ተብሎ ገባ እንበል። 180 ከብት ክትባት ሳይደርሰው ይቀራል ማለት ነው። ሆኖም 680 ለዓይን ምንም ነውር የለበትም።

ዋናው ድምር በእጃችን ካለ አንድ ምልክት አለን። ሁለት አኃዞች ቦታ ሲለዋወጡ የሚመጣው ልዩነት ምን ጊዜም ለ9 ያለ ቀሪ ይካፈላል፤ 180 ለ9 ሲካፈል 20 ነው። ነገር ግን አንዱ ስሕተት ሲጨምር ሌላው በዚያው ልክ ቀንሶ ድምሩ ቢገጥም ምልክቱ አይረዳንም።

ለዚህ የቆየው መድኃኒት ሁለት ሰዎች ተቀምጠው አንዱ እያነበበ ሌላው ዋናውን ወረቀት በጣቱ እየተከተለ ማመሳከር ነው። ኤክሴል የተባለው ፕሮግራም በ1993 ዓ.ም. ከወጣው እትሙ ጀምሮ የአንባቢውን ሥራ ሊሠራ ይችላል። ትእዛዙ በተለመደው ገጽ ላይ ስለማይገኝ ከትእዛዞች ዝርዝር ፈልጎ ወደ ላይኛው የአቋራጭ መሥመር ማውጣት ያሻል። ከዚያም የሚፈለጉትን ሴሎች መርጦ በረድፍ ወይም በዓምድ እንዲያነብ ማዘዝ ነው። እያንዳንዱን ቍጥር ጽፈን እንደ ጨረስን ወዲያው የሚያሰማ ትእዛዝም አለው።

በዚህ ጊዜ ሦስት ነገሮችን እንጠንቀቅ። መጀመሪያ፥ ዓይናችን ከወረቀቱ ላይ አይነሣ፤ ማያውን የተመለከትን እንደ ሆነ ጆሮ ዓይንን ይከተልና ድካማችን ከንቱ ይሆናል። ሁለተኛ፥ ድምፁ ብዙውን ጊዜ እንግሊዝኛ ስለ ሆነ 15ን የሚጠራበት «ፊፍቲን» እና 50ን የሚጠራበት «ፊፍቲ» ይቀራረባሉ፤ እነዚህን ደግመን እንስማ። ሦስተኛ፥ ጆሮም ይደክማልና ጥቂት ረድፍ ሰምተን በእርሳስ ምልክት አድርገን እንረፍ።

ወረቀቱ ራሱ ስሕተት ከሆነ ግን መሣሪያው ስሕተቱን አጣርቶ ከማንበብ በቀር ሌላ አያደርግም። ያን ጊዜ የከብቱን ባለቤት መጠየቅ ግድ ነው።

ነገርን በጆሮ መጠበቅ ለቦረና ሕዝብ እንግዳ አይደለም፤ በየ8 ዓመቱ በሚደረገው በጉሚ ጋዮ ጉባኤ ሕግ በቃል እየተነገረ በሕዝብ ፊት ይሰማል። እኛም ሠንጠረዡ ተፈርሞ ከመውጣቱ በፊት አንድ ጊዜ እንስማው። ለኛ የጥቂት ደቂቃ ሥራ ነው፤ ለከብቱ ባለቤት ግን የዓመት ኑሮው ነው።