መምህሩን ያሳሰባቸው መንገድ

«እህቴ፣ እኔ የማስተምረው እስከ አጥሩ ድረስ ነው። ከአጥሩ ውጭ ያለውን ማን ያስተምረዋል?»

ይህን ያሉኝ ደባርቅ አካባቢ ያገኘኋቸው የሁለተኛ ደረጃ መምህር ናቸው። በማኅበራዊ ሠራተኝነቴ ከፀረ ኤድስ ክበቡ አባላት ጋር ልወያይ ሄጄ ነበር። እሳቸው ግን ከውይይቱ በፊት ወደ በሩ ይዘውኝ ወጡ።

ተማሪ ተለቋል። ጥቂት ጎረምሶች መንገዱ ዳር ቆመው የአንዲት ልጅ ደብተር ቀምተው ክንዷን ይጎትታሉ። አንድ ተማሪ «ተዋት እንጂ!» ቢል በጥፊ ተመታ። የቀረው ቆሞ ይስቃል። መምህሩ ሲጠጉ ጎረምሶቹ ተበተኑ። «ነገም እዚሁ ናቸው» አሉኝ። አንዲት ተማሪያቸው እንዲህ ያለውን ፈርታ ትምህርቷን ትታ ወደ ገጠር ተመልሳለች። ምክንያቱን የሰሙት ከሄደች በኋላ ነው።

ውድ አንባቢያን፣ ደባርቅና ዳባት የሚማሩ ብዙ ልጆች ከገጠር ቀበሌ፣ አንዳንዶቹም ከወደ ሳንቃ በር የመጡ ናቸው። ቤት ተከራይተው ይኖራሉ፤ ስንቅ ለማምጣት ረጅም መንገድ በእግር ይሄዳሉ። ወላጅ ሩቅ ነው። ጥቃት አድራሽም የሚፈልገው ይህንኑ ነው።

ከኤች አይ ቪ ጋር ምን ያገናኘዋል?

ለከፋው «ጨዋታ ነው» እየተባለ ሲታለፍ ወደ መጎተት፣ ወደ ድብደባ፣ አልፎም ወደ አስገድዶ መድፈር ሊያድግ ይችላል። ተገዳ የተደፈረች ልጅ «ኮንዶም ተጠቀም» ወይም «እንመርመር» የማለት ዕድል የላትም። በኃይል የሚደርሰው መቁሰልም ቫይረሱ በቀላሉ እንዲገባ ያደርጋል። ወንዶች ልጆችም ሊጠቁ ይችላሉ።

72ቱ ሰዓታት

ጥቃት የደረሰበት ሰው ሳይውል ሳያድር ወደ ጤና ጣቢያ ወይም ሆስፒታል መሄድ አለበት። ኤች አይ ቪን የሚከላከለው መድኃኒት በ72 ሰዓት ውስጥ መጀመር አለበት፤ በቶሎ ሲጀመር ይበልጥ ይረዳል። የሚወሰደው ሳይቋረጥ ለ28 ቀናት ነው። እርግዝናን ለመከላከልም እስከ 5 ቀን ድረስ የሚሰጥ መድኃኒት አለ። የለበሱትን ልብስ ሳያጥቡ ማስቀመጥ ለማስረጃ ይጠቅማል። «ሰው ምን ይለኛል?» ብሎ ሦስት ቀን መደበቅ ግን ይህን ዕድል ያሳልፋል።

ሕጉስ ምን ይላል?

እ.ኤ.አ በ1996 አበራሽ በቀለ የተባለች የ14 ዓመት ተማሪ አርሲ ውስጥ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ተጠለፈች፤ ተደፈረችም። ለማምለጥ ስትሞክር ጠላፊዋን ገደለች። በኢትዮጵያ ሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር በኩል ጠበቃ መዓዛ አሸናፊ ቆሙላት፤ ፍርድ ቤቱም ራሷን ስትከላከል ያደረገችው ነው ብሎ በነፃ አሰናበታት። ታሪኳ «ድፍረት» በሚለው ፊልም ቀርቧል።

በዚያን ጊዜ ጠላፊ የጠለፋትን ካገባ አይከሰስም ነበር። በ1997 ዓ.ም. ሥራ ላይ የዋለው የወንጀል ሕግ ይህን ሽሯል። ጠለፋ ከ3 እስከ 10 ዓመት፣ አስገድዶ መድፈር ከ5 እስከ 15 ዓመት ጽኑ እሥራት ያስቀጣል። የተደፈረችው ከ13 እስከ 18 ዓመት ከሆነች ቅጣቱ እስከ 20 ዓመት ይደርሳል። ሽማግሌ ገብቶ «ታግባውና ይቅር» ቢልም ወንጀሉ አይሠረዝም።

እኛስ ምን እናድርግ?

• በተለይ ስንቅ ለማምጣት ስንሄድ በቡድን እንጓዝ።
• ለከፋ ሲጀመር ለምናምነው መምህር ወይም ቤተሰብ እንንገር።
• የተጠቃችን ጓደኛ «ምን ለብሰሽ ነበር?» ብለን አንጠይቅ፤ ሐኪም ቤት አብረናት እንሂድ።
• ወንዶች፣ «እምቢ» ማለት እምቢ ነው። ጓደኛችሁ ሲያጠፋ አትሳቁለት።

የዚያን ዕለት በክበቡ ውይይት ላይ በጥፊ የተመታው ልጅ እጁን አወጣ። «የተመታሁት ብቻዬን ስለተናገርኩ ነው። አሥር ሆነን ብንናገርስ?» አለ። ቤቱ ፀጥ አለ። ከዚያ አንዱ «እኔ ነገ አብሬህ እወጣለሁ» አለው፤ ሌሎችም ተከተሉ። መምህሩም ከኋላ ቆመው ይሰሙ ነበር።

እናንተስ ነገ ከማን ጋር ትወጣላችሁ?