ሁለት ማይክ በአንድ ስታንድ፦ የጉዱማሌን ድምፅ በስቴሪዮ መቅዳት

ዓይናችሁን ጨፍናችሁ ሰው ቢጠራችሁ፣ ከየት በኩል እንደጠራችሁ ታውቃላችሁ አይደል? ከግራ የመጣ ድምፅ ግራ ጆሯችን ላይ ትንሽ ቀደም ብሎና ጎላ ብሎ ይደርሳል። አእምሯችን በዚህች ልዩነት አቅጣጫውን ያሰላል። ስቴሪዮ ቀረጻም ለሁለቱ ጆሮዎች የተለያየ ድምፅ ማቅረብ ነው።

እሺ፣ አሁን ሐዋሳ ጉዱማሌ ላይ ነን እንበል። የሲዳማ ዘመን መለወጫ ፊቼ ጫምባላላ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2015 በዩኔስኮ የማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ ላይ የሰፈረው በዓል። ቄጣላው ደርቷል፤ ዜማው ከግራም ከቀኝም ይመጣል። በአንድ ማይክ ብትቀዱት ያ ሁሉ ሕዝብ አንድ ነጥብ ላይ ተጨናንቆ ይሰማል። ሁለት ማይክ አራርቃችሁ ብታቆሙስ? ስፋቱ ይመጣል፤ ግን ሌላ ጣጣ አለው።

ጣጣው ምንድን ነው?

ድምፅ በአየር ውስጥ በሰከንድ 343 ሜትር ገደማ ይጓዛል። አንዱ ማይክ ጋ ለመድረስ 17 ሳንቲ ሜትር ብቻ ተጨማሪ ቢጓዝ፣ ግማሽ ሚሊሰከንድ ያህል ይዘገያል። ባለ አንድ ስፒከር ስልክ ሁለቱን ቻናል ሲደምር፣ በሰከንድ 1000 ጊዜ ገደማ የሚርገበገበው የድምፅ ክፍል አንዱ ሲገፋ ሌላው እየሳበ ይጠፋፋል። ድምፁ ይሳሳል፣ ባዶ ቆርቆሮ ውስጥ የገባ ይመስላል። በዓሉ ደግሞ በዓመት አንዴ ነው፤ «እንደገና በሉልን» አይባልም!

መሐልና ጎን

መፍትሔው እንግሊዛዊው መሐንዲስ አለን ብሉምላይን እ.ኤ.አ. በ1931 ካስመዘገበው የስቴሪዮ ፓተንት ጋር የተያያዘ ነው፤ ሚድ-ሳይድ ይባላል፣ መሐልና ጎን ማለት ነው። አንደኛው ማይክ ወደ ፊት ያያል፤ መሐል እንበለው። ሁለተኛው ባለ 8 ቅርጽ ማይክ ነው፤ ግራና ቀኙን ይሰማል፣ ከፊት ለፊት ለሚመጣው ግን ደንቆሮ ነው። ለምን? ስስ ሽፋኑ በሁለቱም ፊቱ ክፍት ስለሆነ፣ ከፊት የመጣ ድምፅ ሁለቱን ፊቶች እኩል ይገፋና ሽፋኑ አይንቀሳቀስም። ከግራ ሲመጣ ምልክቱ ፖዘቲቭ፣ ከቀኝ ሲመጣ ኔጌቲቭ ይሆናል።

ከዚያ በኋላ ያለው የሁለተኛ ክፍል ሒሳብ ነው፦

ግራ = መሐል + ጎን
ቀኝ = መሐል − ጎን

ከግራ በኩል የጮኸ ሰው መሐል ላይ 10፣ ጎን ላይ 4 ቢያስመዘግብ፣ ግራው 14፣ ቀኙ 6 ይሆናል፤ ስለዚህ ሰውየው ግራ ቆሞ ይሰማል። ስልኩ ሁለቱን ሲደምርስ? 14 + 6 = 20፤ ይኸውም የመሐል ማይኩ እጥፍ ብቻ ነው። ጎኑ ሙሉ በሙሉ ተጣፋ፣ መሐሉ ግን ምንም አልተነካም። ውበቱ እዚህ ላይ ነው።

ስታንዱ ላይ እንዴት ይታሰራሉ?

ሒሳቡ የሚሠራው ድምፁ ሁለቱ ጋ እኩል ከደረሰ ነው። ስለዚህ ጭንቅላታቸውን ሳታነካኩ በጣም አቀራርባችሁ፣ አንዱን ከሌላው በላይ እሰሩ። ጎን ለጎን ከሆኑ ከጎን የሚመጣው ድምፅ አንዱ ጋ ይቀድማል፤ ላይና ታች ከሆኑ ግን ዙሪያቸውን ካለው ሰው እኩል ይርቃሉ። የባለ 8 ቅርጹ የፊት ገጽ በትክክል ወደ ግራ ይዙር።

ስታንዱን ከሰው ራስ በላይ ከፍ አድርጉ፤ አለበለዚያ ፊት ያለው ሰው ብቻ ይሰማል። እግሮቹ ላይ የአሸዋ ከረጢት ጫኑ። የእግር ርግጫ በብረቱ ወጥቶ እንዳይገባ ማይኮቹን በላስቲክ ማንጠልጠያ ያዙ። ባለ 8 ቅርጽ ማይክ ነፋስ አይወድም፤ የሐይቅ ከተማ ውስጥ ደግሞ ነፋስ አይጠፋምና ጸጉራም የነፋስ መከላከያ አልብሱት።

ከመጀመራችሁ በፊት አንድ ጓደኛችሁ ከግራ ቆሞ «ግራ» ብሎ ያጨብጭብ። በሄድፎን ስታዳምጡ ከቀኝ ከመጣ ባለ 8 ቅርጹ ተገልብጧል ማለት ነው፤ አዙሩት።

መሐልና ጎኑን ሳትደምሩ ለየብቻ ቅዱና አስቀምጡ። ቤት ገብታችሁ የጎኑን ትራክ በኮምፒውተር ሁለት ቦታ ቅዱት፤ አንዱን ወደ ግራ፣ ሌላውን ምልክቱን ገልብጣችሁ ወደ ቀኝ። ጎኑን ከፍ ስታደርጉ ሜዳው ይሰፋል፣ ዝቅ ስታደርጉ ይጠባል። ስፋቱን ሕዝቡ ከተበተነ በኋላም ተረጋግታችሁ መወሰን ትችላላችሁ።