የክትባት ሣጥን ብርዱን እንዴት እንደሚጠብቅ፤ ስለ ፕላስቲክ አረፋና በውስጡ ስለሚያልፈው ሙቀት የተጻፈ መግለጫ

የከብት ክትባት ከሚሠራበት ከቢሾፍቱ ተነሥቶ እስከ ቆላው ወረዳ ድረስ ሲሄድ፥ አብዛኛው ዐይነት በመንገድ ሁሉ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ባለው ብርድ ውስጥ መቈየት እንደሚገባው የከብትን ጤና ለምትመሩ ሹማምንት አዲስ ነገር አይደለም። ዳሩ ግን ክትባት በሙቀት ሲደክም ብዙውን ጊዜ መልኩ አይለወጥም፤ አይሸትም፤ ጠርሙሱም ያው ጠርሙስ ነው። ሐኪሙ ይወጋል፤ ባለከብቱም መንጋዬ ተጠበቀልኝ ብሎ ይሄዳል፤ በሽታው በመጣ ጊዜ ግን የተከተበው ካልተከተበው ጋራ አብሮ ይሞታል። ከዚያ ወዲያ ያ ባለከብት በሚቀጥለው ዓመት ፍየሎቹን ከበረት አያወጣም፤ ያየውን ስላየ ማንም ሊወቅሰው አይችልም።

በ1880 ዓ.ም. ግድም ወደ አገራችን የገባው የደስታ በሽታ ከከብቱ የሚበዛውን ክፍል ፈጅቶ ክፉ ቀን የተባለውን ረኀብ እንዳመጣ ሁሉም ያውቃል። ያ በሽታ ከዓለም መጥፋቱ በ2003 ዓ.ም. ታወጀ። ለዚህም ድል ከረዱት ነገሮች አንዱ ያለ በረዶ ብዙ ቀን ሙቀት የሚችል ክትባት መገኘቱ ነበር፤ በአፋር ቆላም በ1980ዎቹ መጨረሻ በዚሁ ክትባት ተሠርቶበታል። በእኔ አሳብ ከሁሉ የሚሻለው ብርድ የማይሻ ክትባት ነው። ነገር ግን ሁሉም ክትባት እንደዚያ አይደለም። የበጎችንና የፍየሎችን ደስታ መሰል በሽታ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር እስከ 2030 ከዓለም ለማጥፋት ታስቦ በሚሠራበት በዚህ ዘመን፥ የብዙው ድካም ዕድል የተንጠለጠለው በአንድ ሣጥን ግድግዳ ላይ ነው። ስለዚህ ያ ግድግዳ ምን እንደ ሆነና ስንት ሰዓት እንደሚያቈይ በሒሳብ ማወቅ ይገባል።

አስቀድሞ መታወቅ ያለበት፥ ሣጥኑ ብርድ የማይሠራ መሆኑ ነው። ብርዱን የሚያመጣው በረዶው ነው፤ ሣጥኑ የውጭው ሙቀት ቶሎ እንዳይገባ ከማዘግየት በቀር ሌላ ኀይል የለውም። ይህ እንደ ጋቢ ነው። ጋቢ በራሱ እሳት የለውም፤ ነገር ግን በአራቱ ድርብና በጥጡ ክር መካከል የታሰረው አየር የሰውነታችንን ሙቀት ወደ ውጭ እንዳይሸሽ ይይዘዋል። ሥራውን የሚሠራው ጥጡ ሳይሆን አየሩ ነው፤ ጥጡ አየሩን አስሮ የሚይዝ ዘበኛ ነው። የፕላስቲክ አረፋም (በገበያ ፎም የሚባለው) በዚሁ ሥርዐት ይሠራል። ነጩ አረፋ ከመቶው 98 እጅ ያህሉ አየር ሲሆን ፖሊስታይሪን የሚባለው ፕላስቲክ 2 እጅ ብቻ ነው። ቢጫው አረፋ ፖሊዩሬቴን ይባላል፤ እርሱም እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1937 ኦቶ ባየር የሚባል ጀርመናዊ ኬሚስት ከባልንጀሮቹ ጋራ ያስገኘው የፕላስቲክ ዐይነት ነው።

የፍራሽ ስፖንጅም አረፋ አይደለምን? የሚል ይኖር ይሆናል። አረፋስ አረፋ ነው፤ ነገር ግን ጕድጓዶቹ እርስ በርሳቸው የተከፋፈቱ ስለ ሆኑ አየርም ውሃም ይመላለስባቸዋል። ለሣጥን የሚሆነው እያንዳንዱ ጕድጓድ ለብቻው የተዘጋበት ነው።

ሙቀት በእንዲህ ያለው አረፋ ውስጥ የሚያልፈው በሦስት መንገድ ነው። አንደኛው በታሰረው አየር በኩል ነው። ሁለተኛው በፕላስቲኩ ቀጭን ግድግዳ በኩል ነው፤ ፕላስቲኩ ጥቂት ቢሆንም ቅሉ ከአየር ስድስት እጥፍ ያህል ሙቀት ያሳልፋል። ሦስተኛው ፀሐይ ወደ ምድር እንደምትልከው ያለ ጨረር ነው፤ ይህም ከሞቀው ግድግዳ ወደ ቀዘቀዘው እየተወረወረ ከጕድጓድ ወደ ጕድጓድ ይሻገራል። አራተኛ መንገድ ሊሆን ይችል የነበረው፥ የሞቀ አየር ወደ ላይ የቀዘቀዘ ወደ ታች እየዞረ ሙቀት የሚያመላልስበት፥ ጕድጓዶቹ ከአንድ ሚሊ ሜትር ያነሱ ስለ ሆኑ ተዘግቷል፤ አየሩ መዞሪያ ቦታ አያገኝም።

ሊቃውንት የአረፋውን ጠባይ በሒሳብ ሲመረምሩ እነዚህን ሦስቱን ለየብቻ አስልተው ይደምሯቸዋል። ለመልካም ነጭ አረፋ ድምሩ 0.035 ያህል ይሆናል፤ ይኸውም አንድ ሜትር ውፍረት ባለው በአንድ ካሬ ሜትር ግድግዳ ላይ፥ በውስጥና በውጭ መካከል የአንድ ዲግሪ ልዩነት ሲኖር የሚያልፈው ሙቀት በዋት ሲቈጠር ነው። ከዚህ ከ35ቱ ሺኛ 25 ያህሉ የአየሩ ድርሻ ነው፤ ከቀረው የሚበዛው የጨረሩ ሲሆን ጥቂቱ የፕላስቲኩ ነው። የጸጥተኛ አየር ቍጥር 0.025 ስለ ሆነ፥ አየር የያዘ ተራ አረፋ የቱንም ያህል ቢሻሻል ከዚያ በታች ሊወርድ አይችልም። ቢጫው አረፋ አዲስ ሳለ እስከ 0.022 የሚወርደው በጕድጓዶቹ ውስጥ ከአየር ይልቅ ሙቀት የማያሳልፍ እንደ ፔንታን ያለ ጋዝ ስላለው ነው። ጋዙ ግን በዓመታት ውስጥ ቀስ እያለ ይወጣል፤ አየርም በምትኩ ይገባል፤ ቍጥሩም ወደ 0.027 ግድም ይመለሳል። በብረት ወይም በወፍራም ፕላስቲክ የተለበጠው ቀስ ብሎ ያረጃል፤ ተቈርጦ ፊቱ የተገለጠው ቶሎ ያረጃል።

ከዚሁ ስሌት የሚገኝ አንድ ትልቅ ጥቅም አለ። ነጋዴ አረፋውን ቢያቀለው ፕላስቲኩ አነሰ፤ ዋጋውም ወረደ፤ ነገር ግን ጨረሩን የሚያግደው ፕላስቲኩ ስለ ሆነ ጨረሩ ያለ ከልካይ ያልፋል። በሜትር ኩብ 20 ኪሎ የሚመዝን ነጭ አረፋ ቍጥሩ 0.036 ያህል ሲሆን 10 ኪሎ ብቻ የሚመዝነው ወደ 0.045 ይወጣል፤ ለዐይን ግን ሁለቱ አንድ ናቸው። እጅግ የከበደም አይሻልም፤ የፕላስቲኩ መንገድ ይሰፋልና። ይህን ለመለየት መሣሪያ አያስፈልግም። ጐኑ ሁሉ 10 ሳንቲ ሜትር የሆነ ቍራጭ ቈርጦ በጥሩ ሚዛን መመዘን ነው፤ 20 ግራም ቢመዝን በሜትር ኩብ 20 ኪሎ ማለት ነው፤ 10 ግራም ቢመዝን መመለስ ይገባል።

ደግሞ በደጋው ያሉ አንዳንድ ሰዎች አየራችን ስስ ስለ ሆነ አረፋው ከቆላው ይልቅ ይጠብቃል ይላሉ። ነገሩ እውነት ይመስላል፤ አይደለም እንጂ። በስስ አየር ውስጥ ሙቀት ተሸካሚዎቹ ቅንጣቶች ቢያንሱም እያንዳንዱ ከሌላው ሳይጋጭ ርቆ ስለሚሄድ የአንዱ ጉድለት በሌላው ይሞላል። በፔርሙዝ ግድግዳ ውስጥ እንዳለው ፈጽሞ ባዶ እስኪሆን ድረስ ለውጥ አይታይም።

እንግዲህ ወደ ሣጥኑ እንመለስ። ፉርዬ የተባለው የፈረንሳይ የሒሳብ ሊቅ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1822 ባሳተመው መጽሐፍ እንደ ገለጠው፥ በግድግዳ የሚያልፈው ሙቀት ከስፋቱና ከዲግሪው ልዩነት ጋራ ይበዛል፤ በውፍረቱ ልክ ያንሳል። በግድግዳው ውፍረት መካከል ሲለካ ጐኑ ሁሉ 41 ሳንቲ ሜትር የሆነ ሣጥን ስድስቱ ፊቶች ተደምረው 1 ካሬ ሜትር ናቸው። ውፍረቱ 5 ሳንቲ ሜትር፥ ውጭው 35 ዲግሪ፥ ውስጡ 5 ዲግሪ ቢሆን፥ 0.035 በ1 በ30 ተባዝቶ ለ0.05 ሲካፈል 21 ዋት ይሆናል። አንድ ኪሎ በረዶ በ24 ሰዓት ውስጥ ሲቀልጥ ወደ 3.9 ዋት የሚጠጋ ሙቀት ስለሚውጥ፥ ይህ ሣጥን በቀን 5 ኪሎ ተኩል ያህል በረዶ ይበላል። ውፍረቱ 3 ሳንቲ ሜትር ቢሆን ግን 9 ኪሎ ይበላል። እንግዲህ 6 ኪሎ በረዶ አስይዞ የሁለት ቀን መንገድ የሚልክ ሰው ክትባቱን የላከው ወደ ጥፋት መሆኑን ገና ሳይነሣ ማወቅ ይችላል።

ይህ ስሌት የሚታመነው ግን የተወውን ነገር ስናውቅ ነው። ፋብሪካው የሚጽፈው ቍጥር በአውሮፓ ልማድ የግድግዳው መካከለኛ ሙቀት 10 ዲግሪ ሲሆን የተለካ ነው፤ በቆላ ግን 20 ይደርሳል፤ ጨረሩም ከሙቀት ጋራ እጅግ ስለሚጨምር ቍጥሩ ጥቂት ከመቶ ከፍ ይላል። ይህ ትንሽ ነው። ፀሐይ ግን ትንሽ አይደለችም። በመኪና ጀርባ ላይ የተጫነ ጥቁር ሣጥን ፊቱ 60 ዲግሪ ቢደርስ፥ ያ 21 ዋት 38 ይሆናል፤ በሙሉ ቀን ቢቈጠር 10 ኪሎ በረዶ ነው። ነጭ ጨርቅ ማልበስና ጥላ ማድረግ ከሁሉ የረከሰ ማሻሻያ ነው።

ውሃም ሁለተኛው ጠላት ነው። ውሃ ከአየር ከ20 እጥፍ በላይ ሙቀት ያሳልፋልና፥ ከነጩ አረፋ መጠን መቶኛው እጅ ውሃ ቢጠጣ የሚያልፈው ሙቀት 4 ከመቶ ያህል ይጨምራል፤ ዐሥር ከመቶ ቢጠጣ እኩሌታ ያህል ይጨምራል። የተሰነጠቀ ልባጥ ያለው ሣጥን የቀለጠውን ውሃ እየጠጣ ይከብዳል፤ የሣጥን ክብደት ከተገዛበት ቀን ጋራ ሲነጻጸር መጨመሩ የዚህ ምልክት ነው።

ብዙዎች ክዳን መክፈትን አጥብቀው ይፈራሉ። በ46 ሊትር ሣጥን ውስጥ ያለው አየር አንድ ጊዜ ቢለወጥ ግን የሚያቀልጠው በረዶ ከ20 ግራም አይበልጥም። ጉዳቱ የሚመጣው ክዳኑ ተከፍቶ ሲቈይ፥ ይልቁንም ተጣሞ ሳይገጥም ሲቀር ነው። ከዚህ የሚበልጠው ስሕተት ያልቀዘቀዘ ዕቃ መጫን ነው፤ 25 ዲግሪ ያለው 10 ኪሎ የውሃ መድኃኒት እስከ 5 ዲግሪ ለመብረድ ብቻ 2 ኪሎ ተኩል በረዶ ያጠፋል። የበረዶው ብርድ እጅግ ሲበረታ ደግሞ ሌላ አደጋ አለ፤ መርጋት የሚያበላሸው ክትባት ስላለ፥ ከማቀዝቀዣ የወጣው የበረዶ ጥቅል ሲነቀነቅ የውሃ ድምፅ እስኪሰማበት ድረስ ሳይቈይ ከጠርሙሱ ጋራ መነካካት የለበትም።

እነዚህን ሁሉ አንድ በአንድ ከማስላት ሣጥኑን ራሱን መጠየቅ ይቀላል። ሣጥኑን አስቀድሞ በበረዶ አቀዝቅዞ ውሃውን መድፋት፤ ከዚያ መቅለጥ የጀመረ 10 ኪሎ በረዶ መዝኖ ማስገባት፤ ሙቀቱ በሚታወቅ ክፍል ውስጥ ለ24 ሰዓት ዘግቶ ማስቀመጥ፤ በመጨረሻም የቀለጠውን ውሃ ብቻ መመዘን ነው። ከላይ የተባለው ሣጥን ደኅና ከሆነ በ25 ዲግሪ ክፍል ውስጥ 4 ኪሎ ተኩል ያህል ውሃ ይጠበቅበታል። በማእዘኑና በክዳኑ መጋጠሚያ የሚገባው ተጨምሮ 5 ኪሎ ቢሆን አያስደንቅም። 7 ኪሎ ከሆነ ግን ወይ አረፋው ውሃ ጠጥቷል፥ ወይ ክዳኑ አይገጥምም፥ ወይም ሲገዛ የተነገረው እውነት አልነበረም።

ፈተናው በዓመት አንድ ጊዜ ከዝናም በኋላ ቢደረግ መልካም ነው። የተገኘው ኪሎና ቀኑ በማይለቅ ቀለም በክዳኑ ውስጠኛ ፊት ይጻፍ፤ ሣጥኑን የሚረከበው ሐኪም ስንት ኪሎ በረዶ ለስንት ቀን እንደሚጭን ከዚያ አይቶ ያሰላል። ነጩ አረፋ በቤንዚን እንደ ስኳር ይሟሟልና፥ ሣጥኑ ከቤንዚን ጀሪካን ጋራ አብሮ እንዳይጫን ለሾፌሩ ይነገረው።