ወረርሽኙና የርቀት መነጽር ሥራ

ወፍ ተመልካቾች፣ አዳኞችና መርከበኞች የሚይዟቸው ባይናኩላሮች የሚሠሩባቸው ቦታዎች ጥቂት ናቸው። ከፍተኛ ጥራት ያላቸው በኦስትሪያዋ ቲሮል፣ በጀርመኗ ቬትስላርና በጃፓን ይመረታሉ፤ በዋጋ ቀለል ያሉት አብዛኞቹ ከቻይና፣ በተለይም ከኩንሚንግ ከተማ ይመጣሉ። አንዱ ቦታ ሲቆም ሥራውን የሚረከብ ሌላ ቦታ ስለማይገኝ ኮቪድ-19 ዘርፉን ክፉኛ ጎዳው።

መስተጓጎሉ የጀመረው ከቻይና ነው። እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 23 ቀን 2020 ዉሃን ስትዘጋ በመላ አገሪቱ የጨረቃ አዲስ ዓመት በዓል ደርሶ ነበር። ሠራተኞች ወደየቤተሰቦቻቸው እንደሄዱ በዓሉ ተራዘመ፤ ፋብሪካዎችም ሥራ የጀመሩት ዘግይተው ነው። ወረርሽኙ ወደ አውሮፓ ሲዛመት ከቀዳሚዎቹ ተጠቂዎች አንዷ የባይናኩላር አምራቹ የስዋሮቭስኪ ኦፕቲክ መቀመጫ የሆነችው አብሳም የምትገኝበት ቲሮል ነበረች። በዚያው ክፍለ ግዛት ካለችው የኢሽግል የበረዶ መዝናኛ ቫይረሱ ወደ ብዙ አገሮች በመዛመቱ፣ ቲሮል ከማርች አጋማሽ በኋላ እስከ ኤፕሪል 7 በሙሉ በኳራንቲን ሥር ቆየች። ሆኖም የኩባንያው ኤንኤል ፑር ባይናኩላር በዚያው ዓመት ለገበያ መቅረቡ የሚደነቅ ነው። በጀርመን ደግሞ መንግሥት በሥራ ሰዓት መቀነስ ምክንያት ከቀረው የተጣራ ደመወዝ ቢያንስ 60 በመቶውን ይሸፍን ስለነበር፣ ፋብሪካዎች ዓመታት ፈጅተው ያሠለጠኗቸውን ባለሙያዎች ሳያሰናብቱ ለማቆየት ቻሉ።

ምርት ሲቀንስ ፈላጊው በዛ። ከቤት ርቆ መሄድ ያልቻለ ሰው በደጁ ያለውን ወፍ ማየት ጀመረ፤ ሜይ 9 ቀን 2020 በተካሄደው ዓለም አቀፍ የወፍ ቆጠራ ከ50,000 በላይ ሰዎች ተሳትፈዋል። በአሜሪካ በዚያው ዓመት ለጦር መሣሪያ ግዢ የሚደረገው የጀርባ ታሪክ ማጣራት ወደ 40 ሚሊዮን ተጠግቶ ስለነበር የጠመንጃ መነጽርም ተፈላጊ ሆነ። በኋላም የኮንቴይነር ማጓጓዣ ዋጋ ናረ፤ በማርች 2021 ኤቨር ጊቭን የተባለችው መርከብ የስዊዝ ቦይን ዘጋች፤ በወቅቱ የተከሰተው የኤሌክትሮኒክ ቺፕ እጥረትም ርቀት በሌዘር የሚለኩ መነጽሮችን ለሚሠሩ ኩባንያዎች ተጨማሪ ችግር ሆነ።

ከሁሉ ይልቅ የተፈተነው ግን ጥገናው ነው። የወደቀ ባይናኩላር ሁለቱ በርሜሎቹ አንድ ምስል እንዲያሳዩ ባለሙያው ከአቧራ በጸዳ ክፍል ከፍቶ ፕሪዝሞቹን በጥቂት በጥቂቱ ያስተካክላል፤ ሌንሱን ይጠርጋል፤ ውስጡ ጉም እንዳይይዝ ናይትሮጅን ሞልቶ ይዘጋዋል። ሥራው የመለኪያ መሣሪያ ስለሚጠይቅ ከቤት ሆኖ አይሠራም። በአንድ ክፍል የሚሠሩት ባለሙያዎች ተራርቀው መቀመጥና በፈረቃ መግባት ሲኖርባቸው የሚጠገነው ቁጥር ያንሳል። በረራዎች ተሰርዘው ፖስታ በመጓተቱ መነጽሩም፣ መለዋወጫውም በመንገድ ይቆዩ ነበር። አዲስ መግዛት ያልቻለው ደግሞ አሮጌውን ሊያስጠግን መጣ። ለጥገና የሚያስፈልጉት ሌንስና ፕሪዝም ለአዲስ ምርትም የሚፈለጉ በመሆናቸው፣ መለዋወጫ ባጠረበት ወቅት የሁለቱ ፍላጎት ይጋጭ ነበር፤ በዋስትና ስም ነጻ ጥገና ቃል የገቡ አምራቾችም የደንበኞቻቸው ወረፋ ረዘመባቸው።