የፎርክሊፍት ሹፌሮች የደህንነት ቀበቶ፦ ለምን ያስፈልጋል?

ፎርክሊፍት ቀስ ብሎ የሚሄድ ማሽን ስለሆነ ብዙ ሹፌሮች ቀበቶውን እንደ ትርፍ ነገር ያዩታል። ይሁን እንጂ ሹፌሮችን ለሞት ከሚዳርጉ የፎርክሊፍት አደጋዎች ዋነኛው መገልበጥ ነው፤ ለመገልበጥ ደግሞ ከፍተኛ ፍጥነት አያስፈልግም። ሹካው ከፍ ብሎ ሳለ መታጠፍ፣ ተዳፋት ላይ መዞር ወይም አንዱ ጎማ ከዕቃ ማራገፊያው ጠርዝ መውጣቱ ይበቃል።

ማሽኑ ማዘንበል ሲጀምር ሰው በደመ ነፍስ መዝለል ይፈልጋል። አብዛኛውን ጊዜ ሕይወት የሚጠፋውም በዚህ ነው። የዘለለው ሰው ማሽኑን ስለማይቀድመው ከራሱ በላይ ያለው የብረት ከለላ ደረቱን ወይም ጭንቅላቱን ይጫነዋል። ቀበቶ ያሰረ ሹፌር ግን በዚያው ከለላ ውስጥ ይቆያል። ስለዚህ አይዝለሉ። መሪውን አጥብቀው ይያዙ፣ እግርዎን ወለሉ ላይ ያጽኑ፣ ማሽኑ ከሚወድቅበት በተቃራኒ ወገን ያዘንብሉ። (ይህ ተቀምጠው ለሚነዱት ነው። ቆመው ለሚነዱትና ከኋላ ለሚገባበት ዓይነት መመሪያው ወደ ኋላ መውረድ ነው።)

ብዙ ወገኖቻችን በመጋዘን በሚሠሩባት አሜሪካ፣ የሥራ ደህንነት መሥሪያ ቤቱ (ኦሻ) ያወጣው የፎርክሊፍት ደንብ ቀበቶን በስም አይጠቅስም። ሆኖም ማሽኑ ቀበቶ እያለው ሹፌሩ እንዲያስር የማያደርግ አሠሪ፣ ሠራተኛን ከታወቀ አደጋ እንዲጠብቅ በሚያስገድደው አጠቃላይ የሕግ አንቀጽ ሊቀጣ ይችላል። መሥሪያ ቤቱ ይህን በ1996 እ.ኤ.አ. በጽሑፍ አሳውቋል። ቀበቶው ተበጥሶ ወይም መቆለፊያው አልይዝ ብሎ «ግድ የለም፣ ንዳው» ቢባሉ እንኳ ማሽኑ እስኪጠገን ከሥራ መውጣት አለበት። የማስጠንቀቂያ ድምፁን ለማጥፋት ቀበቶውን ቆልፎ በላዩ መቀመጥም እንዳላሰሩ ይቆጠራል።

ቀበቶው ሆድ ላይ ሳይሆን ዝቅ ብሎ በዳሌ አጥንት ላይ ጠበቅ ይበል። ነፍሰ ጡር ከሆኑ ከሆድዎ በታች ያሳልፉት።

ከአደጋ በኋላ ሆድ ላይ የቀበቶ ሰንበር ከታየ ወይም የሆድ ሕመምና ማስታወክ ካለ፣ ታማሚው «ደህና ነኝ» ቢልም ወዲያው ወደ ድንገተኛ ክፍል ይውሰዱት። የአንጀት ጉዳት ምልክቱ ከሰዓታት በኋላ ሊመጣ ይችላል።

ማሽኑ ሰው ከተጫነ ሞተሩን አጥፍተው 911 ይደውሉ፤ በሌላ ፎርክሊፍት ለማንሳት አይሞክሩ። ረጅም ጊዜ የተጫነ ጡንቻ ሲለቀቅ ፖታሲየምና ሌሎች ንጥረ ነገሮች ወደ ደም ገብተው ልብንና ኩላሊትን ሊጎዱ ስለሚችሉ፣ አደጋው የደረሰበትን ሰዓት ይዘው ለሕክምና ባለሙያዎቹ ይንገሩ።