ኮድን በጉባኤ ማንበብ፦ ለቤተ መጻሕፍት ባለሙያዎች



የዛሬው ንግግሬ አንድ ጥያቄ ያነሣል፦ የቤተ መጻሕፍት የቴክኖሎጂ ባለሙያዎች የሚሠሩበትን ሶፍትዌር ኮድ ተሰብስበው ቢያነቡ ምን ያተርፋሉ?

በምሳሌ እንመልከተው። አንድ ተማሪ በካታሎጉ መፈለጊያ «ፀሐይ» ብሎ ይጽፋል፤ መጽሐፉ ግን የተመዘገበው «ጸሐይ» ተብሎ ነው። ለጆሮ አንድ የሆኑት «ፀ» እና «ጸ» በዩኒኮድ የየራሳቸው ቁጥር ያላቸው ሁለት ፊደላት ናቸው። ሞክሼ ሆሄያት ሁሉ እንዲሁ ናቸው። ተማሪው «መጽሐፉ የለም» ብሎ ይመለሳል፤ መጽሐፉ ግን መደርደሪያው ላይ አለ።

መፍትሔው ሞክሼዎቹን ማዛመድ ነው፤ ጥያቄው የት ይዛመዱ የሚለው ነው። ኮሃ የተባለው የቤተ መጻሕፍት ሶፍትዌር እ.ኤ.አ. በ1999 በኒው ዚላንድ ተሠርቶ በ2000 ኮዱ ለሁሉም ክፍት ሆኗል። ዜብራ የተባለው የፍለጋ ሞተሩ ፊደልን ከፊደል የሚያዛምድበት ደንብ በተራ የጽሑፍ ፋይል ተጽፎ ይገኛል። ሞክሼዎቹ በዚህ ደንብ፣ ማለትም ለፍለጋ ብቻ፣ ቢዛመዱ ፈላጊው ያገኛል፤ መዝገቡም እንደ ተጻፈ ይኖራል። መዝገቡ ራሱ ከተለወጠ ግን ትርጉም ይጠፋል፤ በግእዝ «ሰአለ» ለመነ፣ «ሠዐለ» ደግሞ ሥዕል ሣለ ማለት ነውና። ይህን የሚያውቀው የካታሎግ ባለሙያው ነው፤ ደንቡ ያለበትን ፋይል የሚያውቀው ደግሞ የኮምፒዩተር ባለሙያው ነው። ሁለቱ አብረው ካላነበቡ ውሳኔው በአጋጣሚ ይወሰናል።

ንባቡ የኮድን ወሰንም ያሳያል። ከጣና በስተ ምሥራቅ የምትገኘውን፣ በጥንት ገበያዋ የታወቀችውን ይፋግን የአውሮፓ ተጓዦች «ኢፋግ» እያሉ በላቲን ፊደል ጽፈዋታል። ይህን የሚያቃና የሞክሼ ደንብ የለም፤ የሚያስፈልገው የአንድን ቦታ ልዩ ልዩ አጠራሮች የሚያያይዝ የስም መዝገብ ነው።

ሥርዓቱ ለአገራችን እንግዳ አይደለም። በአብነት ትምህርት ቤት፣ በመጻሕፍት ቤት ጉባኤ፣ አንዱ ደቀ መዝሙር ያነባል፤ መምህሩ «አንድም» እያለ ትርጓሜውን ያሰፋል፤ የቀሩት ይከታተላሉ።

ለመጀመር አምስት ወይም ስድስት ሰው፣ አንድ ሰዓት፣ በወረቀት የታተመ ከ50 መስመር ያልበለጠ ኮድ ይበቃል። ከተሰብሳቢዎቹ ቢያንስ አንዱ ኮድ የማይጽፍ የካታሎግ ባለሙያ ይሁን። አንዱ ድምፁን ከፍ አድርጎ ያንብብ፤ የቀሩት በየመስመሩ ሦስት ነገር ይጠይቁ፦ ምን ይገባል? ምን ይወጣል? ቢሰረዝ ምን ይጎድላል? ኮዱን የጻፈው ሰው በመካከላቸው ካለ እስከ መጨረሻው ያዳምጥ፤ እርሱ ቀድሞ ካብራራ ሌሎቹ ማንበብ ያቆማሉና። ያልተመለሰው ጥያቄ ተመዝግቦ ለሚቀጥለው ጉባኤ ይቆይ።

የመጀመሪያው ንባብ የራሳችሁ ቤተ መጻሕፍት የፍለጋ ደንብ ቢሆን እመክራለሁ። «ፀሐይ» ብሎ የፈለገ ተማሪ ምን እንደሚያገኝ ከዚያ ይታወቃል።